የጉልበቴ አቧራ

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ከሳንሱሲ በታክሲ ስመለስ፣ ያ ጣሪያ አልባ የድንጋይ ቤት በቆርቆሮ ታጥሮ አየሁት። ሊያፈርሱት ነው መሰለኝ። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ ነው ይባል ነበር፤ እኛ ሰፈር ያረጀ ድንጋይ ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ሆነን በሁለት ክፍል እንኖራለን፤ የፊተኛው ደግሞ የአባቴ ሱቅ ነው። ብቻዬን ልሁን ያለ ሰው «አመመህ እንዴ?» ይባላል። ክረምቱ እንደወጣ እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ገባሁ። እርጥብ ሣርና ፍየል ፍየል ይሸታል። ልስኑን ዝናብ ልጦት እድፉ ፊት ይመስላል፤ አንዱ ጥርሷ የረገፈ አሮጊት፣ ሌላው ሊያስነጥሰው የደረሰ ሰው። እኔ በከሰል ዓይንና ጆሮ እጨምርላቸዋለሁ። ግማሹን ግድግዳው ራሱ ስሎ ይጠብቀኝ ነበር። እጄ ይህን እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን ወንዝ ወርጄ እጄን ታጥቤ ቤት ገባሁ፤ ጉልበቴን ግን ረሳሁት። የታችኛውን ግድግዳ የምስለው ተንበርክኬ ነው።

«የት ነበርሽ?» አለች እናቴ አቧራውን እያየች።

«እዚያ… ድንጋዩ ቤት።»

«ብቻሽን? ተንበርክከሽ?» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጌታ ይባረክ! ለዚች ልጅ ስንቱን ጸልያለሁ!»

አቧራውን ከጉልበቴ አራገፍኩ። እሁድ «ልጄ ተደብቃ የምትጸልይ ሆነች» ብላ በጉባኤ ፊት ቆማ መሰከረች። ከዚያ ወዲያ መውጫ ጠፋኝ። ጎረቤታችን እትዬ አማረች የታመመ ልጇን የጸሎት ርዕስ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ያን ልጅ እያሰብኩ ከሰል መያዝ አቃተኝ። በመጨረሻ እናቴ «ሐሙስ ከጉባኤው እህቶች ጋር አብረንሽ እንሄዳለን» አለችኝ።

ረቡዕ በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም እያለቀስኩ ጠረግሁ። ሐሙስ እሸት በቆሎ ይዘው መጡ፣ ዘመሩ፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ከዚያ በኋላ ያለ እነሱ እዚያ ቤት ረግጬ አላውቅም፤ ከሰልም ለምድጃ ካልሆነ አልነካሁም።

ቆርቆሮውን ባየን ማግስት፣ ቁርስ ላይ፣ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። ሻይዋን እያማሰለች፣

«ግድግዳው እኮ ርጥብ ነበር፤ ጥቁሩም አልለቀቀም» አለች።

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«በጉባኤ ፊት መስክሬ የት ልግባ?»

ተናደድኩ፤ ሰው በሃምሳ ዓመቱም በእናቱ ይናደዳል። ብርጭቆዋን አስቀምጣ «ለመሆኑ ምን ነበር የሳልሽው?» አለችኝ።

ይህን እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በቃል አልሆን ሲለኝ ወረቀት አምጥቼ አሮጊቷን ልስላት ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና «ደህና ነው» አለች። ደህና እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።