ጋሽ ሙክታር የተሸከሙልኝ ስህተት

ብዙዎቻችሁ በኮምፒውተር ሙያቸው የምታውቋቸው የሐረሩ ጋሽ ሙክታር ባለፈው ሐሙስ ማታ ወደ አኼራ ሄደዋል። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ሰዉ ደግነታቸውን ሲያወራ፣ አንዱ «የሰው ቤት ፋይል ያምታቱት እሳቸው አይደሉም ወይ?» ሲል ሰማሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ዝም ማለት ደክሞኛል። ይህን የምጽፈው ስማቸውን ለማጥራት ነው።

አብረን የሠራንበት መሥሪያ ቤት የጀጎልን ቤቶች ይመዘግብ ነበር። የመመዝገቢያውን ፕሮግራም የጻፉት ጋሽ ሙክታር ናቸው። ፕሮግራሙ አሮጌ ስለሆነ ከስምንት ፊደል በላይ የሆነ የፋይል ስም አያነብም። እኔ ደግሞ ፋይሉን የምሰይመው በእንግሊዝኛ ፊደል በባለቤቱ ሙሉ ስም ነበር። ኮምፒውተሩ ረጅሙን ስም ለአሮጌው ፕሮግራም ሲያቀርብ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፊደላት ይወስድና ከኋላው ምልክትና ተራ ቁጥር ይቀጥልበታል። ሐረር ውስጥ ስንት አብዱላሂ አለ? አብዱላሂ አህመድ አንድ፣ አብዱላሂ ዩሱፍ ሁለት እየተባለ ይሄዳል። ቁጥሩ የሚሰጠው ፋይሉ በገባበት ተራ ነው። ጋሽ ሙክታር ይህን ስለሚያውቁ «ፋይል ስትሰይሚ ነገ የሚፈልገውን ሰው አስቢ፤ የቤቱን ቁጥር ስጪው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን በስም መፈለጉ ይቀለኛል እያልኩ ቀጠልኩ።

አዲስ ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ እሳቸው ለሥራ ድሬዳዋ ነበሩ። እስክመለስ ጠብቂኝ ብለውኛል። አልጠበቅኳቸውም፤ ፋይሎቹን እንደመጣልኝ ገለበጥኳቸው። የአብዱላሂዎቹ ተራ ተቀያየረ። ፕሮግራሙ በድሮው ቁጥር አንዱን ሲጠራ የሌላው ይከፈት ጀመር፤ ማናችንም አላስተዋልንም። የሟቹ የአብዱላሂ አህመድ ሚስት ሐጃ ሩቂያ ማስረጃ ሊያወጡ ሲመጡ፣ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት በሌላ ሰው ስም ነው ተባሉ። እንዲለቁም ደብዳቤ ደረሳቸው።

ጋሽ ሙክታር ነገሩን ሲደርሱበት አልተቆጡኝም። የወረቀት መዝገቡን ታቅፈው በጀጎል ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እየጠየቁ፣ አንድ በአንድ አስተካከሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ለሐጃ ሩቂያም ቤታቸው ጸናላቸው። አለቃችን ጥፋተኛው ማን ነው ሲል «ፕሮግራሙ የእኔ ነው» ብለው ፈረሙና ከሥራ ወጡ። እውነቱን ልናገር ስላቸው፣ «አንቺ የምታጠቢው ልጅ አለሽ። እኔ እንደሆንኩ ደክሞኛል፤ ተይው» አሉኝ።

ተውኩት። ልጄ አድጋ ስድስተኛ ክፍል ስትገባም ተውኩት። ብዙ ጊዜ ልናገር ተነስቼ፣ አሁን ማን ያስታውሰዋል እያልኩ ተቀምጫለሁ። ይህ ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ሐጃ ሩቂያ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሸዋ በር ባገኘኝ ቁጥር አሰላሙ አለይኩም ይለኝ ነበር። ፊቴን አዞርበታለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀንም አልመለስኩለትም።» ስወጣ እስከ በሩ ሸኝተውኝ፣ «አፉ፣ ይቅር በለኝ ብላለች በይልኝ፤ ሰላምታውንም መልሽልኝ» አሉ።

ጋሽ ሙክታር፣ ሐጃ ሩቂያ አፉ እንዲሏቸው ለምነዎታል። እኔም አፉ ይበሉኝ። በሕይወት ሳሉ ከእሳቸው ጋር ላስታርቅዎ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አላደረግኩትም። አሁን ይረፉ። ለሰላምታዎ መልሱን በእኔ ልከዋል፤ ወአለይኩሙ ሰላም።