ሙሽራ ያስመሰለኝ መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ የደም ምርመራዬን አይታ «ከእንግዲህ ኬሞ አትወስጂም፤ ለክትትል ብቻ ብቅ ትያለሽ» አለችኝ። አባዬ ሰው ሁሉ እያየው ወለሉን ሳመ። እኔን ደግሞ ደስታው የማደርገውን ቢያሳጣኝ ይህን ገጠመኜን ልጽፍ ተቀመጥኩ። የሆነው አምና ነው፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል።

ለሕክምና ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ እንመላለስ ነበር። የፀጉሬን ማለቅ በሻሽ ሸፈንኩት። ያስቸገረኝ እጄ ነው። ከመድኃኒቱ የተነሳ መዳፌና የጣቶቼ ጫፍ ጠቆሩ፤ ጥፍሮቼ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ፤ ቆዳዬም ይላላጥ ጀመር። ሐኪሜ መድኃኒቱ የሚያመጣው እንደሆነ፣ ወደ ሰው እንደማይጋባ፣ ሕክምናው ሲያልቅም ቀስ እያለ እንደሚለቅ ነግራኝ ሽታ የሌለው ቅባት አዘዘችልኝ። ሰፈር ውስጥ ግን አንዷ «እከክ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ምች ነው፣ ዳማከሴ እሹላት» አለች። ትምህርት ቤት ብቅ ስል አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ በጓንት ሆነ። የመንዝ ብርድ ይመስገን፣ ጓንት ለምን አደረግሽ የሚለኝ አልነበረም። አባዬንም ስለ በሽታዬ መንገድ ላይ ለማንም ትንፍሽ እንዳይል በገብርኤል አስምዬው ነበር።

የዚያን ቀን ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ወደ ቤት እየተመለስን ነው። አባዬ ሊያጽናናኝ የገዛልኝን ነጭ ቀሚስ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። አጠገቤ ጨርቃ ጨርቅና ሙሽሮች እጃቸውን የሚቀቡትን ሂና ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ፣ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የቆላ ነጋዴ ተቀምጠዋል። ጣርማ በርን እንዳለፍን ቆሎ አውጥተው «ዝገኚ ልጄ» አሉኝ። በጓንት ቆሎ አይዘገንም፤ ረስቼ አወለቅኩት።

እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው አገላበጡትና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊቴን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ሂናው ደህና ይዟል። ለመሆኑ ስንት ዓመትሽ ነው?»

አሥራ አምስት አልኩ። እሳቸውም ሻሼን፣ ነጩን ቀሚስና የአባዬን ዝምታ ደመሩና ይህችን ሕፃን ልትድር ነው ወይ ብለው አባዬ ላይ ጮኹበት። ሚኒባሱ ሁሉ ወደኛ ዞረ። አንዱ ሙሽራው ስንት በሬ እንዳለው ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ዘንድሮም እንዲህ ያለ አባት አለ ወይ እያሉ ወረዱበት። በመጨረሻም ሾፌሩን «ሞላሌ ስንደርስ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አቁምልን» አሉት። ሾፌሩም እሺ አለ።

አባዬን አየሁት። አንዲት ቃል ቢናገር ይገላገላል። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ዝም ብሎ ይቀበላል። ለእኔ መሐላ ሲል ሊታሰር ነው።

እስከዚያ ቀን የበሽታዬን ስም በአፌ ጠርቼው አላውቅም።

«ሂና አይደለም» አልኩ። «ካንሰር አሞኝ ነው። ያጠቆረኝ መድኃኒቱ ነው። አይጋባም።»

የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ቀጠነ።

እጄ አሁንም እትዬ ዘሀራ እጅ ውስጥ ነው። ሳይለቁኝ እኔው ቀድሜ ልስበው ስል ጠበቅ አደረጉት። ቆሎውን አፈሱና መዳፌ ላይ አደረጉ። ከዚያም ከዚያው ከመዳፌ ላይ እየቆነጠሩ አብረውኝ ይበሉ ጀመር። እየበሉም አባዬን ተቆጡት።

«አንተ ሰውዬ፣ አፍ የለህም እንዴ? ዝም ብለህ ልትታሰር ነበር?»

«ምን ላድርግ» አለ አባዬ፣ «አስምላኛለች።»

ቀድመው የሳቁት ሽማግሌው ናቸው። ከዚያ አባዬን ይቅርታ ጠይቀው እኔን «እግዜር ይማርሽ» ሲሉኝ፣ እትዬ ዘሀራ «አሚን» አሉ። ሞላሌን ሳንቆም አለፍናት።

አሁን ከጥፍሮቼ ሥር ንጹሕ ጥፍር እየበቀለ ነው። መዳፌ ገና ፈጽሞ አልጠራም፤ ጓንት የማደርገው ግን ሲበርደኝ ብቻ ነው። እትዬ ዘሀራ እንኳንም ተሳሳቱ እላለሁ። አባዬን ግን ሁለተኛ አላስምለውም፤ መሐላ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።

እንደኔ መድኃኒት የምትወስዱ እኩዮቼ፣ እናንተም እጃችሁ ምን እንደመሰለና ሰው ምን እንዳላችሁ ለዚሁ ዓምድ ጻፉ። የኔ አባቴን ሊያሳስርብኝ ነበር፤ እስቲ የናንተን ልስማው።