የጋሽ መኳንንት ጉድለት

ጋሽ መኳንንት ሌባ አይደሉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሞላሌ ውስጥ ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ስለጠፋ ነው።

ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባና ሲሸምኑ ኖረዋል። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል፤ የመንዝን ብርድ የሚችል ወፍራም ብርድ ልብስ ይወጣዋል። የባና ሠሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ሃያ ሁለታችንም አባላት ያለ ክርክር ሊቀ መንበር ያደረግናቸው ግን በሽመናቸው አልነበረም። የሚካኤል ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን፣ እሳቸው ስለነበሩ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሲመሩን መዋጮ ጠፋ፣ ተራ ተዛባ ተብሎ አያውቅም። ደብተር የሚባል ነገርም አልነበረም። ማን ምን እንዳመጣ፣ ማን ምን እንደቀረበት በቃላቸው ይይዙታል። «ሰው ሰጥቼው ፈርምልኝ ካልኩት አላምንህም ማለቴ ነው» ይሉ ነበር።

እኛም የንግዱን ማኅበር እንደ ጽዋው ይመሩልናል ብለን ደስ አለን። እንዳልነውም መሩት።

በሞላሌ፣ በቀየትና በዘመሮ ገበያ እየዞሩ ከገበሬው ጠጉር ይገዛሉ። ይመዝናሉ፣ ይከፍላሉ፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ባለፈው ዓመት በጉ ሁለት ጊዜ ሲሸለት ከሠላሳ ስምንት ሰው የአርባ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ጠጉር ገዙ። ጠጉሩ ገባ፣ ተፈተለ፣ ባና ሆነ፣ ግማሹም ተሸጠ። ደረሰኝ ግን አንድም የለም።

ግንቦት ላይ ትህትና የምትባል ልጅ እግር ኦዲተር ከወረዳ ተልካ መጣች። ሁለት ቀን ሰነዳችንን ስታገላብጥ ቆይታ ረቡዕ ዕለት ጋሽ መኳንንትንና እኔን ጠራችን። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የምይዘው በትርፍ ጊዜዬ ነው።

«አባቴ፣ የጠጉሩ ግዢ ማስረጃ የለውም። እስከ ሰኞው ጉባኤ ካልቀረበልኝ የሰነድ ጉድለት ብዬ እመዘግባለሁ» አለቻቸው።

ጋሽ መኳንንት ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንዱን ቃል ነው፤ ጉድለት። በኛ አገር ጉድለት ተገኘበት ከተባለ በላ ማለት ነው። አንድ የመጋዘን ጠባቂ ድሮ ጉድለት ተገኘበት ተብሎ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ እስከ ዛሬ «የጉድለቱ ልጆች» እየተባሉ ነው የሚጠሩት።

«ጉድለት? በኔ ላይ?» አሉ። ልጅቷ ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት ተነሥተው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ዲግሪ አለኝ እያልኩ የምኩራራው ሰውዬ፣ ቁጭ ብዬ «የሰነድ ጉድለት ምን ያስከትላል?» ብዬ ብጠይቅ ምን ነበረበት? እንደሳቸው እኔም ደንግጬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተቀምጠው ሠላሳ ስምንቱን ሻጮች ከነኪሏቸው፣ ከነቀናቸው በቃላቸው ነገሩኝ፤ እኔ ደረሰኝ ላይ ጻፍኩ። አንዴ እንኳ አልተደናቀፉም። ብንደምረው ሳንቲም አልተዛነፈም። የቀረው ሻጮቹ ስማቸው ሥር አሻራቸውን ማሳረፍ ብቻ ነበር። የማኅተሙን ቀለም በላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ሐሙስ ማለዳ ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገሩኝ ፖሊስ ጣቢያ ልጠይቃቸው በሄድኩ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ቀየት አጠገብ ወለተ ኢየሱስ የተባሉ ባልቴት ቤት ደረሱ። ሴትዮዋ ስመው ተቀበሏቸው፣ ቆሎ አቀረቡላቸው፣ ጠላ ቀዱላቸው። ወረቀቱ ሲወጣ ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሸጫለሁ፤ ብሬንም ቆጥረው ሰጥተውኛል። ካሻዎ ሚካኤል ደጅ ቆሜ እምልልዎታለሁ። ጣቴን ግን ወረቀት ላይ አላሳርፍም።»

«ለምን፣ እህቴ?»

«ዘመኑን አያዩትም እንዴ? ይቺ ወረቀት ነገ በማን እጅ እንደምትገባ እኔ ምን አውቄ! ስምሽ ተጽፎ ተገኘ እየተባለ ስንቱ ተጠየቀ!»

ይሥሐቅ የሚባለው ገበሬ ደግሞ ከዚህ በፊት ምን እንደሆነ ሳይገባው አሻራ ሰጥቶ ያልተበደረው ዕዳ መጥቶበት ነበርና ወረቀቱን ሲያይ በሬውን እየነዳ ሄደ። አንዱ ሻጭ ሞቷል፤ ሚስቱ ስሙን ደረሰኙ ላይ ሰምታ ልቅሶዋን እንደ አዲስ አቀለጠችው። በዕድሜያቸው ማንንም ለምነው የማያውቁ ሰው ቅዳሜ ዘመሮ ገበያ ላይ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ልጁ ደንግጦ አነሣቸው እንጂ ጣቱን አልሰጣቸውም። እሑድ እኩለ ቀን ላይ አሻራ ያለው ደረሰኝ አሥራ አንድ ነበር። ሃያ ሰባቱ ባዶውን ነው።

ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቀለሙን አወጡ።

«ሁሉም እውነት ነው» አሉኝ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ። «ስሙ እውነት፣ ኪሎው እውነት፣ ቀኑ እውነት። ውሸቱ ጣቱ ብቻ ነበር።»

ሰኞ ጉባኤው ተሰበሰበ። ትህትና ደረሰኞቹን ስትቀበል ፊቷ በራ፤ የተደሰተችላቸው ይመስለኛል። ማገላበጥ ጀመረች። አሥራ ሦስተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። ሦስት ደረሰኝ መርጣ ጎን ለጎን ደረደረች። ሦስቱም አሻራ ላይ አንድ ዓይነት ጠባሳ ነበር፤ የጋሽ መኳንንትን ጣት ድሮ መቀስ የቆረጠው።

«አባቴ፣ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጉላት። አሥሩም ጥፍራቸው ሥር ወይን ጠጅ ቀለም ገብቷል።

ልጅቷ እንባዋ መጣ። «ምን አደረጉ፣ አባቴ? ባዶ እጅዎን ቢመጡ እኮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር፣ እሱው ብቻ! የሰነድ ጉድለት ማለት ወረቀት ጎደለ ማለት ነው እንጂ ገንዘብ ጎደለ ማለት አይደለም። አሁን ግን ይሄ ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ለሕግ ማቅረብ ግዴታዬ ነው።»

ጋሽ መኳንንት እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ማን እንዲያጥፉት ይንገራቸው? አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ከኋላ አንዱ «እኛ ደግሞ ጻድቅ ነው ብለን!» ሲል ተሰማ። ያ ሰው ባለፈው ጥር ልጁን ሲድር ድንኳኑን የተከሉለት እሳቸው ናቸው። አንገቱን ብይዘው ደስ ባለኝ።

ያን ጊዜ የፈታዮቹ ኃላፊ ጥሩሸዋ ተነሣች። ሰዉ ሲያያት ማጉረምረሙን ተወ፤ ጋሽ መኳንንትን ያማ ሰው ሁሉ ከሷ ጋር ሲጣላ ነው የኖረው። አሁንም ልትከራከርላቸው ነው ብዬ ነፍሴ መለስ አለች።

«ጋሽ መኳንንት» አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «ጠጉሩ መግባቱን አልክድም፤ በገዛ እጄ ነው የፈተልኩት። ግን እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ኪሎውን በስንት ነበር የገዙት?»

«በሰማንያ ብር» አሉ።

ጥሩሸዋ አየት አደረገቻቸውና ተቀመጠች። ከጎኗ ላለችው ሴት «ሃምሳ ቢሆን ነው» ስትላት ሰማሁ። ቃሉ ከወንበር ወደ ወንበር ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ አርባ ሆኖ ነበር። ጋሽ መኳንንትም ሰሙት፤ ዞር ብለው አዩኝ።

እኔ ጠጉሩ ሲገዛ ሞላሌ ገበያ ላይ አብሬያቸው ነበርኩ፤ ሚዛኑን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ሰማንያ ነበር። ደረሰኞቹ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ግን የኔ ነው፤ ደግሞም ደመወዝተኛ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሊቀ መንበሩ በሰማንያ ብር ገዛሁ ይላሉ» ብዬ ጻፍኩ።