ጀርባዋ ባዶ የነበረችው መርከብ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሐና ኮምፒውተሯን ታቅፋ መጣችና የጠፈር ጦር መርከብ አብረን እንሥራ አለችኝ። ጨዋታው በወጣትነቴ ከተጫወትኩት ብዙም አይለይም፤ ሞተሩን፣ መድፉንና የብረት ልባሱን ራስህ ትመርጣለህ፣ ክብደት ከበዛ መርከቧ ትዘገያለች። ሳላስበው ልባሱን ሁሉ ከኋላ ደረደርኩት።

"አባዬ፣ ጠላት የሚመጣው ከፊት አይደል እንዴ?" አለችኝ። የድሮዋ መርከቤ ትዝ አለችኝ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሙራድ የሚባል የማልለየው ጓደኛ ነበረኝ፤ አባቱ አዲሱ ገበያ ሱቅ ነበራቸው። ያን ክረምት፣ ዝናቡ የእንጦጦን የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ሲወርድ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ቅቅል ድንች እየበላን በጭቃው ወደ ጌም ቤቱ እንሮጥ ነበር። የጌም ቤቱ ውድድር ደርሶ ነበር፤ የሚያሸንፉት ሁለት ልጆች ጉለሌን ወክለው ከሌሎች ክፍለ ከተሞች ጋር ይጋጠማሉ። ከዚያ በላይ የምመኘው ነገር አልነበረም።

አባቴ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። መርከቤን የነደፍኩት እሱ ጥለት በሚስልበት ስኩዌር ደብተር ላይ ነበር። "ለማይታይ ቦታ ክር አታባክን" ይለኝ ስለነበር፣ እኔም እንደ ብልህ ልባሱን በሙሉ ፊቷ ላይ አድርጌ ጀርባዋን ባዶ ተውኩት። ሙራድ በትንሿ ፈጣን መርከቡ ከኋላ ሊጠብቀኝ ተስማማን።

"ብትዘናጋስ?" አልኩት።

"እኔ? ወላሂ፣ አንተ ፊት ፊቱን ብቻ እይ። ጀርባህን ለኔ ተወው፣ በቃ።"

በፍጻሜው ቀን፣ ጌም ሥራ መፍታት ነው የሚለው አባቴ ሳይቀር ጋቢውን ለብሶ መጣ። ተጋጣሚያችን ዳዊት የሚባል የሰፈሩ ጎበዝ ነበር፤ ከአንድ ጓደኛው ጋር ይጫወታል። ጨዋታው እንደተጀመረ ፊቴን ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ቀጥ ብሎ ወደ ጀርባዬ መጣ። የሙራድ መርከብ ጥግ ላይ ቆማለች፤ አንዲት ጥይት አልተኮሰችም።

"ሙራድ፣ የት ነህ?" ብዬ ጮህኩ። ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። መርከቤ በአንድ ምት ተበታተነች።

"ጨዋታ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ?" አለኝ ስንወጣ።

አባቴ መንገድ ላይ "ጀርባዋን ለምን ባዶ ተውካት?" ሲል ጠየቀኝ። "ሙራድ ይጠብቃታል ብዬ" አልኩት።  ቤት ደርሼ ደብተሩን ስገልጠው የመርከቧ ገጽ ተቀዶ ነበር፤ ያን ገጽ ያሳየሁት ለሙራድ ብቻ ነበር። በሳምንቱ የዳዊት የቡድን ጓደኛ ከአካባቢው ለቀቀና ጉለሌን ወክሎ ከዳዊት ጎን የተቀመጠው ሙራድ ሆነ። ለካ ዳዊት ቦታውን ከፍጻሜው በፊት ቃል ገብቶለት ኖሯል። ተቃጠልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይሄው ፀጉሬ ሸብቶም ይቅር አላልኩትም።

"አባዬ፣ በዚህ ክብደት እኮ አትንቀሳቀስም" አለች ሐና። "አንሳው። ከኋላ እኔ እጠብቅሃለሁ።"

ልባሱን አንድ በአንድ አነሳሁ። ሐና ዞር ስትል ግን አንዷን መልሼ አስቀመጥኳት፤ ከገዛ ልጄ ደብቄ።