የታላቅየዋ ወንበር

ልብስ ሰፊዋ ስትቀና አትደብቅም፤ ፊቷ ላይ ይነበባል። ከታናሽ እህቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ይሠራሉ። ታናሿ ቆማ ትቆርጣለች፣ እሷ ተቀምጣ ትሰፋለች። ታናሿም መስፋት ታውቃለች፤ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ግን ዝር እንድትል አይፈቀድላትም። ደንበኛ ልብሱን ለክቶ "እጅሽ ይባረክ" የሚለው ለሰፊዋ ነዋ፤ ቆራጯንማ ማን ዞር ብሎ ያያታል? ታላቂቱ ይህቺን ምርቃት ላለመካፈል ሽንቷን ቋጥራ ትውላለች።

ስኳር ሲይዛት ደግሞ ሌላ ቅናት መጣ። ታናሿ ብስኩት ስትቆረጥም እያየች እርር ድብን ትላለች።

"የአንድ እናት ልጆች ሆነን እኔ ብቻ ምን በደልኩ?"

አንድ ቀን ባቷ አብጦ ቀላ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቶ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒት አዝዛ፣ ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ስትል ጠየቀች። እናታቸው የሞተችው በዚሁ ነበር። ስለዚህ የታናሿም ደም ተመረመረ። ታላቂቱ ውጤቱን ስትጠብቅ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ እሷም ላይ ይገኝባት እያለች በሆዷ ትመኝ ነበር።

ተገኘባት።

"ደማችሁ ቶሎ የሚረጋው በዘር ነው፤ ሁለታችሁም ወርሳችኋል" አለች ሐኪሟ። "እርስዎ ላይ ስኳሩና የሰውነትዎ ውፍረት አባባሱት። ቀኑን ሙሉ መቀመጡ ደግሞ ተጨመረበት። ከእንግዲህ ቆም፣ ራመድ ይበሉ።"

ታላቂቱ የተመኘችው ሲደርስላት ደስ አላላትም።

ሥራ ተቀያየሩ። ታናሿ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ስትሰፋ ዋለች፤ አንዲት ደንበኛም ቀሚሷን ለክታ "እጅሽ ይባረክ፣ ከበፊቱ እንኳ አማረ" አለቻት። ታላቂቱ መቀሱን እንደያዘች ፊቷ በቅናት ጠቆረ። ደንበኛዋ ስትወጣ ጠብቃ፣

"ተነሺ" አለች።

"እትዬ፣ በአንዲት ምርቃት? ቅናትሽ መቼ ነው የሚለቅሽ?"

"ቀንቻለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደተቀመጥሽ ነው። እናቴን ቀብሬያለሁ፣ አንቺን አልቀብርም። ተነሺና ተራመጂ።"

ታናሿ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ቆመች።