«ተመችቶሃል» የተባለው ባል

ባሕር ዳር በአንድ የግል ክሊኒክ ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርሁ ቀን ኃላፊዬ መጀመሪያ ያሳዩኝ ማይክሮስኮፑን ሳይሆን የናሙና መቀበያውን መስኮት ነበር። «የዘር ፈሳሽ ይዞ የመጣ ወንድ ፊቱን ትኩር ብለሽ ካየሽው ዕቃውን ይዞ ይመለሳል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በፌስታል ደርቦ፣ የተላከ ዕቃ የሚያደርስ መስሎ የሚያቀብለኝ ብዙ ነበር።

ሥራው ይህ ነው። ናሙናው የሰውን ገላ ያህል በሚሞቅ ማሞቂያ ይቆያል። ሲቀጥን ጠብታው ስላይድ ላይ ይደረጋል። ከዚያ የዘሩ ብዛት፣ አዋዋኙና ቅርጹ ይታያል። ያየሁትን ለሐኪሙ እሰጣለሁ፤ ለባለጉዳዩ የሚነግረው እሱ ነው።

አየነው የሚባል የዱርቤቴ እህል ነጋዴ ከሚስቱ ከጥሩወርቅና ከእናቱ ከወይዘሮ የሺ ጋር መጣ። ልጅ ስለዘገየባቸው ጥሩወርቅ በየሐኪም ቤቱ ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም። ወይዘሮ የሺ ግን ፈርደውባት ጨርሰዋል።

«ከፋሲካ ወዲያ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ለልጄ ሌላ አጭለታለሁ» አሉኝ፣ ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ።

ተናደድሁ። ጓንቴን አድርጌ ሥራዬን ቀጠልሁ።

የአየነው ዘር ጥቂት ነበር፤ ያለውም አብዛኛው ባለበት ይርገበገባል እንጂ ወደ ፊት አይሄድም። ሐኪሙ ናሙናው እንዲደገምና የደም ሆርሞን እንዲታይ አዘዘ። በሁለተኛው ቀጠሮም ናሙናው ያው ነው። በደሙ ውስጥ የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮን ዝቅ፣ የሴት የሚባለው ኢስትሮጅን ከፍ ብሏል።

አየነው እናቱም ይስሙ ስላለ ሐኪሙ እኔም ባለሁበት ለሁሉም ነገራቸው። ወይዘሮ የሺ ተቆጡ።

«የኔ ልጅ? ከሠርጉ ወዲህ ስንት ሱሪ ጠብቦት ቀየረ! ያየው ሁሉ ተመችቶሃል ይለዋል እኮ!»

«ምን ይመገባል፣ እማማ?» አላቸው ሐኪሙ።

«አባት እንዲሆን ብዬ ጧት ጧት ቅቤ በማር አጠጣዋለሁ። ምን ጎደለበት?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ። «ስብ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም» አላቸው። «የወንዱን ሆርሞን ወደ ሴት ሆርሞን ይቀይራል። ሌፕቲን የሚባል የራሱ ሆርሞንም አለው። እሱ ሲበዛ አንጎል ዘር እንዲመረት የሚልከው ትእዛዝ ይዛባል። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ክብደቱ ሲቀንስ ግን ብዙ ጊዜ ይሻላል።»

«በገዛ ቅቤዬ ነው እንዴ ያመከንሁት?» አሉ። ወዲያው ደግሞ «በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው ተነሡ።

አየነውን ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቅሁት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ወደ ላቦራቶሪው ወሰድኋቸው፤ እናቱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«እነዚህ ናቸው የልጅ ልጆቼ?»

«ገና ናቸው፣ እማማ።»

«ምነው እንዲህ ሰነፉ?»

ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ልጃቸውንም ሐኪሙንም አላዩም። «ጥሩዬ፣ ተነሽ ልጄ» አሏት። «ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ጥሩወርቅ ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ስላይዱን ለማንሣት ብዬ ዞር አልሁ።

አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪወጣ ወራት ይፈጃልና አየነው የተመለሰው ከክረምቱ በኋላ ነው። ከመናኸሪያው በሐይቁ ዳር በእግሩ መጥቶ ላብ አጥምቆታል። ሱሪውን በቀበቶ አጥብቋል። «ገበያው ሁሉ ምን ነካህ፣ ታመሃል ወይ ይለኛል» አለኝ። ናሙናው ከፊተኛው ይሻል ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ደህና ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ ይውለዱ አይውለዱ አላውቅም።

የማውቀውን ልናገር። ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ ባልየው ይመርመር። ለጅምሩ አንድ ዕቃና አንድ ማይክሮስኮፕ ይበቃል። ጥሩወርቅ ያን ሁሉ ሐኪም ቤት የዞረችው ይህን የሚል ሰው ጠፍቶ ነው።