ከአልጋችን ራስጌ የተሰቀለችው የቅባት ወረቀት

በደርግ ጊዜ አዋሽ ላይ ሱቅ ነበረኝ። ከዕቃዎቼ ሁሉ ቶሎ የምትሸጥልኝ ፊት የምታነጣ ቅባት ነበረች። ከጅቡቲ በባቡር ትመጣለች። ኮንትሮባንድ የሚይዙትን ፊናንሶች እንዴት እንደምታልፍ እዚህ አልጽፍም፤ ከሰዎቹ ገና በሕይወት ያሉ አሉ። የከባድ መኪና ሾፌሮችም ሚሌና ሎጊያ ላሉ ወዳጆቻቸው ይወስዱልኝ ነበር።

የምሸጠው በአፌ ብቻ አልነበረም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮዋ ቆንጠር አድርጌ ግራ እጄን ጀርባውን እቀባና ሁለቱን እጆቼን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ ስሸጥ ግራ እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለች። ቀኜ የወሎ ገበሬ፣ ግራዬ የፈረንጅ መሐንዲስ።

ሌላዋ ረዳቴ ወረቀቷ ነበረች። በየቆርቆሮው ውስጥ በዐረብኛ የተጻፈች እጥፍጥፍ ወረቀት አለች። ደንበኞቼ አብዛኞቹ እንደኔው ከወሎ የወረዱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ቁርኣኑን እንቀራለን እንጂ የዐረብኛውን ትርጉም አናውቅም። ስለዚህ ወረቀቷን መሬት የሚጥላት የለም። አንዷ ትስማታለች፣ ሌላዋ ከልጇ ትራስ ሥር ታስቀምጣታለች። እኔ በረካ አላት ብዬ አላውቅም፤ የላትም ብዬም አላውቅም። ባለቤቴማ በላስቲክ ሸፍና ከአልጋችን ራስጌ ሰቅላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቅባቷን ተቀብታ፣ ወረቀቷን ቀና ብላ አይታ ነው ከቤት የምትወጣው።

ከዚያ ግራ እጄ ላይ ቁስል ወጣ። ወር አልፎትም አልድን አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አገላብጦ አየውና ናዝሬት ሄደህ ለዶክተር አሳየው አለኝ። ለምን ስለው፣ የማይድን ቁስል አንዳንዴ ነቀርሳ ይሆናል አለ፤ አነጋገሩ ስለ ባቡር መዘግየት የሚያወራ ነው የሚመስለው። ከሐኪሙ በፊት ዱዓ ይሁንልኝ ብዬ ወረቀቷን ከግድግዳ አወረድኩና የቁርኣን አስተማሪያችን ሼኽ ዘንድ ሄድኩ።

እሳቸው ዐረብኛ በደንብ የተማሩ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ዱዓው የጀመረ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

«ቆይ፣ አሚን አትበል» አሉኝ። «ባዜቃ፣ ይኸ ሜርኩሪ የሚሉት መርዝ፣ አለበት ነው የሚለው። ቁስል ላይ አይደረግ፣ ከጥቂት ሳምንት በላይ አይቀባ ይላል። አንተ ስንት ጊዜ ቀባኸው?»

ሦስት ዓመት ማለት አፍሬ፣ ትንሽ ቆየት ብሏል አልኳቸው። እጄን አዩና ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ የባለቤቴ ፊት ነበር የታየኝ።

ቤት ገብቼ ከዛሬ ጀምሮ እንዳትቀቢ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ለደንበኛ ሲሆን መድኃኒት፣ ለኔ ሲሆን መርዝ ነው? አንተ ሰውዬ፣ ለቅባቷ ሳስተህ ነው።»

ሦስት ዓመት ወላሂ እያልኩ ስሸጥ ከግድግዳው ማዶ ሆና ስትሰማኝ ኖራለች። በነጋታውም ተቀባች።

የቀረኝ አንድ መላ ነው። ባለቤቴ በቀበሌው መሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምራለች፤ ከዚያ ወዲህ የዱቄት ጆንያ ላይ ያለውን እንኳ ሳታነብ አታልፍም። የኔን አፍ ባታምንም ጽሑፍ ታምናለች። ሼኹን ለምኜ ወረቀቷን በአማርኛ አስገለበጥኩና ምንም ሳልናገር አጠገቧ አኖርኩላት። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ «ባ... ዜ... ቃ» ብላ ጀመረች። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች። ፊቷን ስትታጠብ ውሃው ሲንቦጫረቅ ብዙ ሰማሁ።

እኔ ናዝሬት ሄድኩ። ዶክተሩ ከቁስሉ ቆርጦ ወደ አዲስ አበባ ላከ። ቅባቷ ነቀርሳ ታመጣለች ወይ ስለው፣ ባዜቃ ኩላሊት እንደሚጎዳ ይታወቃል፣ ነቀርሳን በተመለከተ ግን ከነዚህ ቅባቶች የሚጠረጠሩ አሉ እንጂ ቁርጡን የሚነግርህ የለም አለኝ። በዚያ ዘመን ሰው በጥርጣሬ ብቻ ይታሰር ነበር፤ ቅባቷን የማላስርበት ምክንያት አላገኘሁም። የቀረውን ካርቶን አውጥቼ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

መልሱን ስጠባበቅ ባለቤቴ የአማርኛዋን ወረቀት ይዛ ሻይ ቤት ለሻይ ቤት እየዞረች ለደንበኞቼ ታነብ ነበር። ደንበኞቼን አንድ በአንድ ስታሳጣኝ ቆሜ አየሁ። ከሁሉ በላይ ከኔ ትገዛ የነበረች ሴትዮ፣ «እሺ፣ በረካውስ?» ብላ ጠየቀቻት።

«በረካውማ ይኸው፣ አነበብነው» አለቻት ባለቤቴ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ ነቀርሳ አይደለም። ቅባቷን ከተውኩ በኋላ ቁስሉም ደረቀ። ግራ እጄ ግን ዛሬም ከቀኜ ትነጣለች። አዲስ ዕቃ ሲመጣልኝ እጄ ላይ አልሞክርም፤ ወረቀቱን ለባለቤቴ እሰጣታለሁ። የማይገባት ቋንቋ ከሆነ የሚያነብላት ፈልጋ እስክትመጣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ አይወጣም። በዚህ የተነሣ ሱቄ ውስጥ ብዙ ባዶ ቦታ አለ።